ፉጨቱ እስኪያልቅ

ልጅ ሳለሁ፣ የሰፈራችን ልጆች ማታ ማታ የጅብና የጦጣ ተረት ሲሰሙ፣ እኛ ቤት የሚተረከው አንድ ንግግር ነበር። ተራኪው የአባቴ አጎት አዴር ዩሱፍ ነው፤ «አዴር» በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፍርድ ቤት ውስጥ አስተርጓሚ ሆኖ፣ የሶማሊኛውን አቤቱታ በአማርኛ፣ የአማርኛውን ብይን በኦሮምኛ ሲያሰማ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ነበር። እኛ ድሬዎች «አንቱ» ማለት ብዙም አይቀናንምና፣ እሱንም «አንተ» ነበር የምንለው።

ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። እናቴ ፋኖሱን ትለኩስና፣ ትንኝ እንዲርቅልን የኒም ቅጠል ፍም ላይ ትበትናለች። መራራው ጭስ ግቢውን ሲሞላ፣ የቀኑ ሙቀት ከግድግዳው ገና ሳይወጣ፣ ምንጣፉ ላይ ተሰብስበን «አዴር፣ የጄኔቩን!» እንለዋለን።

የጄኔቩ የምንለው፣ አገር ተወርሮ ንጉሠ ነገሥቱ በተሰደዱበት ጊዜ፣ የዓለም መንግሥታት በተሰበሰቡበት አዳራሽ ቆመው ያሰሙትን አቤቱታ ነው። ወደ ጅቡቲ የወሰዳቸው ባቡር በከተማችን አልፎ ስለነበር፣ ንግግሩ የእኛ የድሬዎች ይመስለን ነበር። አዴር ታሪኩን ነግሮን ብቻ አያበቃም፤ እንደታረደ በግ ብልት ብልቱን ለይቶ ያሳየናል።

«መጀመሪያ ነገር በሰው አልላኩም፤ ራሳቸው መጡ» ይላል። «የተበደለው ሰው ራሱ ዳኛ ፊት ሲቆም፣ አፉን ሳይከፍት መቆሙ ይናገርለታል። ቀጥሎ፣ ዙፋኔን ተቀማሁ ብለው አላለቀሱም፤ ከሰማይ በአውሮፕላን መርዝ የዘነበበትን ሰው፣ ከብት፣ ውሃ አነሡ። ከዚያ ሰሚዎቹ ራሳቸው የገቡትን ቃል አስታወሷቸው። ዛሬ በእኛ የደረሰ ነገ በሌላው ትንሽ አገር ይደርሳል አሏቸው። በመጨረሻም ጠየቋቸው፤ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ ብለው። አያችሁ አቦ? ሸክሙን ከራሳቸው ጫንቃ አውርደው በሰሚው ላይ ጫኑት!»

ከሁሉ የምንጠብቀው ግን የፉጨቱን ቦታ ነበር። የወራሪው አገር ጋዜጠኞች ንጉሡን ለማሳፈር ያፏጩ ጀመር። እዚህ ሲደርስ አዴር ምንጣፉ ላይ ብድግ ይላል፤ ንጉሡ ፉጨቱ እስኪያልቅ እንደጠበቁት፣ እጆቹን ወደ ጎኑ አውርዶ ዝም። የፋኖሱ ብርሃን ጥላውን እስከ ጣሪያው ድረስ ይስበዋል። እኛም ቀና ብለን እናየዋለን፤ እንዲህ ዝም ብሎ የቆመ ሰው እንዲህ ሊገዝፍ እንደሚችል ያኔ ነው ያየሁት።

ከእኛ ጋር ፋጡማ ትቀመጣለች። ከገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ ለትምህርት መጥታ ደቻቱ ወንዝ ዳር ካለችው አክስቷ ቤት የምትኖር የክፍል ጓደኛዬ ናት። አማርኛው ስለሚያስቸግራት ዝምተኛ ነበረች። አንድ ምሽት ግን «በምን ቋንቋ ተናገሩ?» ብላ ጠየቀችው።

«በአማርኛ። ፈረንሳይኛ እኮ ጥርት አድርገው ይችሉ ነበር። ግን ሐዘን በተውሶ ቋንቋ ሲነገር ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።»

«ታዲያ አሸነፉ?» አልኩት እኔ።

«የለም። የደረሰላቸው አልነበረም።»

ተናደድኩ። «እና ምን ጠቀመ?»

ፍሙን ቆሰቆሰና «አልሰማንም እንዳይሉ አደረጋቸው» አለኝ። መልሱ ያኔ አልገባኝም።

በዚያው ዓመት በበልጉ ዝናብ ደቻቱ ሞልቶ ወረደ። የፋጡማ አክስት ቤት ከነዕቃው ተወሰደ፤ ሰዎቹ ብቻ ተረፉ። ፋጡማ ጭቃ ስትጠርግ፣ ከአክስቷ ጋር ከዘመድ ዘመድ ስትዞር ሰንብታ ስትመለስ፣ ከትምህርት ገበታ ብዙ ቀርተሻልና የስምንተኛ ክፍል ፈተና አትቀመጭም ተባለች። ሌሎች የወንዙ ዳር ልጆችም እንደዚሁ። ፈተናው ከቀረ ወደ ቢዮ አዋሌ ትመለሳለች፤ እዚያ ደግሞ ለትዳር የሚጠይቋት ሰዎች ነበሩ።

የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ አዴርን «አንተ ተናገርልኝ» አለችው።

«እኔ አስተርጓሚ ነኝ። አንቺ ተናገሪ፤ እኔ አስተረጉምልሻለሁ።»

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ወላጆችና ተማሪዎች ፊት ቆመች፤ አዴርም ሊያስተረጉም ከጎኗ ቆመ። በኦሮምኛ ስትጀምር ከኋላ ያሉ ወንዶች አፏጩ፤ የሳቁም ነበሩ። ፋጡማ ቆም አለች። አለቀሰች ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል፣ እጆቿን ወደ ጎኗ አውርዳ ዝም ብላ አየኋት። ፉጨቱ ሳሳ፤ አንድ ሁለቱ ቀጠሉና እነሱም አፈሩ። ግቢው ጸጥ ሲል ካቆመችበት ቀጠለች።

ደብተሬ ተወሰደ አላለችም። የወንዙን ዳር ልጆች አንድ በአንድ በስማቸው ጠራች። ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «ዓመቱ ሲጀመር ባንዲራው ሥር አቁመህ፣ ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ቤታችሁ ነው አልከን። የመጀመሪያውን ቤታችንን ደቻቱ ወሰደው። ሁለተኛውን ማን ወሰደብን ብዬ ለአክስቴ ልንገራት?»

አንዲት እናት ከመሃል «ወላሂ እውነቷን ነው!» አሉ። ዳይሬክተሩ ግን አንገታቸውን ደፍተው «ደንብ ደንብ ነው» ብለው ስብሰባውን ዘጉ። ወደ ቤት ስንሄድ የተሸነፍን መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ እናቶቹ ተሰብስበው ትምህርት ቢሮ ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን ከመምህራኑም ተጨመሩ። ሳምንቱ ሳያልቅ የወንዙ ዳር ልጆች ከሰዓት በኋላ ማካካሻ እየተማሩ እንዲፈተኑ ተፈቀደ። ሁሉም አላለፉም። ፋጡማ አለፈች፤ ዛሬ ቢዮ አዋሌ ውስጥ መምህርት ናት።

አዴር ካረፈ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ በራዲዮም በስልክም ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ እሱ እንዳስተማረንም ብልት ብልቱን መለየት አላቃተኝም። ያልፈታሁት አንድ ነገር ግን አለ። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ «እንዲህ ትላለች» አይልም፤ የተናጋሪውን ቃል የራሱ አድርጎ «እኔ» ይላል። ያን ቀን ያ ሽበታም ሽማግሌ ከአንዲት ልጅ ጎን ቆሞ፣ «ቤታችንን ደቻቱ ወሰደው፤ ሁለተኛውን ማን ወሰደብን ብዬ ለአክስቴ ልንገራት?» ሲል፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድም ሰው ለምን እንዳልሳቀ ዛሬም አላውቅም።