ሮቢት አጠገብ ከደለል ሥር የወጣው ከሰል

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሮቢት አጠገብ አንድ ማሳ መካከል ቆሜ ነበር... በአንድ እጄ ከኢንተርኔት አውርጄ ያሳተምኩት የሳተላይት ምስል፣ በሌላው እጄ ገመድ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ቆቦ የታሪክ መምህር ነኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጥ የአርኪዮሎጂ ትምህርት እከታተላለሁ፤ ኔትወርኩ ሲፈቅድ ማለቴ ነው። ከትምህርቱ እንደተረዳሁት፣ አፈር የሞላው የድሮ ቦይ እርጥበት ስለሚይዝ በላዩ የበቀለው ሰብል ከጎረቤቱ ይበልጥ ይለመልማል። ልዩነቱ አጠገቡ ለቆመ ሰው ብዙም አይታይም፤ ከላይ ሲያዩት ግን ይለያል።

የአካባቢያችንን የሳተላይት ምስል ሳገላብጥ ታዲያ በአንድ የማሽላ ማሳ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጠቆር ያለ መስመር አየሁ። ጥንታዊ ነው አላልኩም። «ሊሆን ይችላል» ነው ያልኩት... ለራሴም ቢሆን።

ስደርስ ማሳው ገና አልተዘራም። ዳር ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፦ ባላቸው የሞቱባቸው እትዬ ዘሃራ፣ አዋሳኛቸው አቶ ሞላና ሁለቱን ሊያስታርቁ የመጡት አዛውንቱ ሼህ ይመር።

ወረቀትና ገመድ የያዘ እንግዳ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«መሬት ሊለኩ ነው የመጡት?» አሉኝ አቶ ሞላ።

«የለም፣ መምህር ነኝ። ይቺን መስመር ላያት ብዬ ነው» አልኩና ምስሉን ዘረጋሁላቸው።

እትዬ ዘሃራ ጎንበስ ብለው አዩት። «ወላሂ ቁርቁራው ነው... ይኸው ጥላው።»

ያን ጊዜ ነው ጣጣቸውን የነገሩኝ። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ በየዓመቱ ደለል እያለበሰ በሁለቱ ማሳ መካከል የነበረውን የወሰን ቦይና ድንጋይ ቀብሮታል። ወሰኑ የት እንደነበር ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው፤ በሁለቱ እርግጠኝነት መካከል ግን አንድ ጥማድ የማይሞላ መሬት አለ። ሼህ ይመር ነገሩ እስኪለይ ማንም እንዳያርሰው ከልክለዋል። የዘንድሮው ጎርፍ ደግሞ ሰሞኑን ይጠበቃል። ውሃውን ጠጥቶ የሚያበቅለው የታረሰ መሬት ነው፤ ሳይታረስ ከደረሰ ያ ቁራጭ ጦሙን ማደሩ ነው።

«የነዚህ አባቶች ወሰኑን ሲተክሉ ከድንጋዩ ሥር ከሰል ቀብረዋል» አሉ ሼህ ይመር። «ከሰል አይበሰብስ፣ ምስጥ አይበላው። ከሰሉ የተገኘበት ወሰን ነው። ግን ዐይኔ ደከመ፣ መሬቱም መልኩን ለወጠ... የቱን ቆፍሩ ልበላቸው?»

«ይሄ ሳተላይት አይቶት የለ? ይመስክራ» አሉ እትዬ ዘሃራ።

«ምስክር ከሆነ ይማል» አሉ አቶ ሞላ። «ሳይምል የመሰከረ በዚህ አገር ማን አለ?»

«እሱ አፍ ከሌለው መምህሩ ይማልለት።»

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«አልምልም» አልኩ። «ምስሉ የሚያሳየው እዚህ ላይ መሬቱ ከሌላው የተለየ መሆኑን ብቻ ነው። ወሰን ነው አይልም፤ የማን እንደሆነም አይልም።»

«ይኼማ እንደ እኔው ሽማግሌ ነው፤ አንዱንም አያስቀይም» ብለው ሳቁ ሼህ ይመር። «በል ልጄ፣ ቦታውን አሳየንና ይቆፈር።»

እኔ ለማየት እንጂ ለመቆፈር እንዳልመጣሁ አስረዳሁ። «አንተን ማን ቆፍር አለህ?» አሉኝ ሼሁ።

ቁርቁራው በምስሉም በመሬቱም ላይ ስላለ ከሱ ተነስቼ በገመድ ለካሁ። ጉድጓዱ መስመሩን ተከትሎ ሳይሆን አቋርጦት እንዲሄድ ብቻ ጠየቅሁ፤ ጥቂት ብሳሳትም እንዳንስተው። አቶ ሞላ ዶማቸውን አነሱ።

መጀመሪያ ደለል... ከሱ ሥርም ደለል። ጎርፉ ዓመት በዓመት ሲያነጥፍ የኖረው ሁሉ እንደ ተደራረበ ጋቢ ይታያል። ጉድጓዱ እስከ ጉልበታቸው ደረሰ፤ ምንም የለም።

«መምህር፣ የሰማዩ ሰውዬ ዋሸን መሰለኝ» አሉ አቶ ሞላ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

ጥቂት ወደ ምሥራቅ እንዲያሰፉት ለመንኳቸው። አፈሩ ጠቆረ... ከዚያ ዶማው ድንጋይ መታ።

አቶ ሞላ ቀጥ ብለው ቆሙ። ወሰን ነው ሲሉት ወደኖሩት ቦታ አዩ፤ ቁራጩ እንዳለ የእትዬ ዘሃራ መሆኑን ከሁላችንም ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው። ከጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ከእሳቸው በቀር ያየ አልነበረም፤ ልደብቀው ቢሉ አንድ አካፋ አፈር ይበቃው ነበር።

ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ፈነቀሉና ከሥሩ የዘገኑትን ሼህ ይመር መዳፍ ላይ አኖሩት። ሼሁ በጣታቸው አሽተው «ከሰሉ ነው» አሉ።

የኔ ልብ በሌላ በኩል ዘለለች። «ሼህ ይመር፣ ጥቂት ብወስድስ? የከሰል ዕድሜ በላቦራቶሪ ይታወቃል።»

«ዕድሜውን ከሆነ እኔን ጠይቀኝ» አሉ። «ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ።»

«አባቴ የተከለውን አልገፋም» አሉ አቶ ሞላ። «በሚካኤል፣ መሬቱ የእትዬ ነው።»

«አልሀምዱሊላህ» አሉ እትዬ ዘሃራ። ከዚያ «እና ማን ሊያርሰው ነው? እኔ በሬ የለኝ። አንተው እረሰው፣ በእኩል እንካፈላለን» አሉ።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ወር ምን አጣላን?»

«የኔ መሆኑን ሳታምን ነዋ ልታርሰው የተነሳኸው።»

አቶ ሞላ ሳቃቸው መጣ። ድንጋዩን ከነከሰሉ ወደ ቦታው መለሱት፤ በላዩም ከደለሉ በላይ የሚታይ ሌላ ድንጋይ ተከሉ። ሼህ ይመር ዱዓ አደረጉ፤ ሁላችንም አሜን አልን። ሰኞ ጠዋት በሬዎቹ ማሳው ላይ ነበሩ።

ጥንታዊ ከተማ አላገኘሁም። ነገር ግን በሕይወቴ በተገኘሁበት ብቸኛ ቁፋሮ የወጣው ቅርስ በዚያው ቀን ለባለቤቱ ተመልሷል... እንዲህ ብለው አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩ ሙዚየሞች ብዙ አይመስሉኝም።