በዘይት ፋንታ የመጣው ቅቤ

«ከነገ ጀምሮ ገበያ አትሄጂም» ስትለኝ ዘልዬ እናቴ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ። እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያለ አንድ ሱቅ በስልክ የታዘዘውን አስቤዛ በባጃጅ ቤት ድረስ ማምጣት ጀምሮ ነበር። እናቴ ከሰሊጥ እርሻ ለሚመለሱ የጎንደርና የመተማ ሠራተኞች ምሳ ታበስላለች። የሚበስለውን በየጠዋቱ ከገበያ ተሸክሜ የማመጣው እኔ ስለሆንኩ የጠዋት ትምህርት አምልጦኝ ነው የኖረው። «ስልኩ ከሠራ ትማሪያለሽ፤ ካልሠራ ዘንቢልሽ ያውልሽ» አለችኝ።

ገበያውን እንዴት እንደምጸየፈው! የበሰበሰ ቲማቲም ነጠላ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ፣ ፀሐይ አሙቆት፣ በጣቶቼ መሃል ጭልቅ ይላል። ዝንቡ ዓሣው ላይ ሲርመሰመስ ቆይቶ ከንፈሬ ላይ ያርፋል። አንድ ቀን ዋጋ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ገባብኝ። ዋጥኩት ይሁን ተፋሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

የስልኩም ነገር መጀመሪያ ላይ ከዚያ አልተሻለም። ሽንኩርቱ ልጣጩ ደህና ነው፤ ሲቆረጥ ውስጡ ንፍጥ። እናቴ ቢላዋዋን አራግፋ ሌላ ሽንኩርት አነሣች። እኔም የተበላሸውን ፈጥኜ ደፋሁት፤ ትምህርቴን ገና መጀመሬ ነበር።

የነቢያት ጾም እንደገባ ዘይት አዘዝኩ። ቢጫ ጀሪካን መጣ። እናቴ ሽንኩርቱን አቁላልታ ከጀሪካኑ ለቀቅ አደረገችበት። ትንሽ ቆይቶ ሽታው ተነሣ። የፍየል በረት፣ የከረመ ሞራ፣ ያልታጠበ እርጎ ዕቃ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ሆነው ጉሮሮዬ ላይ ተለጠፉ። ስልኩን ከፍቼ ባለሱቁ የላከውን የድምፅ መልእክት ሰማሁ፦ «ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ዘይት አልቆብን ሰሚን ልከናል። በዘይቱ ዋጋ ነው፤ ከዘይት ይሻላል!»

ሰሚን የሱዳኖች ቅቤ ነው። በገዳሪፍ ሙቀት ቀልጦ ዘይት መስሎ ነበር። ሰውዬው ደግሞ ውለታ የዋለልን መስሎታል። በጾም ቀን ድስታችን በቅቤ ተነከረ!

ሠራተኞቹ በር ላይ ደርሰው ቆሙ። «እትዬ፣ ጾሙ ተፈታና እኛ ሳንሰማ ቀረን?» አለ ፊተኛው።

ጓደኛው አፍንጫውን ይዞ፣ «ኧረ ይሄ ቅቤ አይደለም፣ የሞተ ፍየል ነው!»

እነሱ ሲስቁ እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ዘንቢሉ የት ነው?»

ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ዘንቢል በጀርባዬ ሸፈንኩት።

ያን ጊዜ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ የምላት ሱዳናዊት ጎረቤታችን ሽታውን ተከትላ መጣች። «ያ ሰላም! ምን ብትሠሩ ነው እንዲህ የሚያውደው?» አለችና ጣቷን ነክራ ላሰች። ላስመልስ ትንሽ ቀረኝ። እናቴ ድስቱን ከነጀሪካኑ አሸከመቻት፤ እሷም ከቤቷ የሰሊጥ ዘይት ይዛ ተመለሰች። ሌላ ድስት ተጣደ፤ ሠራተኞቹ ትንሽ ዘግይተው ምስር በሉ።

እኔ ግን ስልኩን አለቀቅኩም። «ያ ዓሚ፣ የጠየቅነው ከሌለ የለም በሉን። ጾም ላይ ነን፤ ቅቤ አንነካም» ብዬ፣ እንደ አጎት ጠርቼ፣ ለባለሱቁ ድምፅ ላኩ።

«ወላሂ አላወቅኩም፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ! ሁለተኛ አይደገምም» አለ።

እናቴ መልሱን ሁለቴ አስደገመችኝ። በመጨረሻ፣ «እሺ፣ ግን በር ላይ ሳላሸተው አንድም ነገር አይገባም» አለች። ዘንቢሉ ሚስማሩ ላይ ቀረ።

አሁን ኻልቲም በዚሁ ባጃጅ ታዝዛለች፤ እናቴም የሰፈሩን ሴቶች «መጥታችሁ አብራችሁኝ አሽትቱ» ብላ ጠርታለች። ይህን የምታነቡ እናንተንም እኔ ጠርቻለሁ። ጠዋት ባጃጁ ሲመጣ በራችን ላይ ኑ፤ ቲማቲሙን ጨምቁ፣ ሽንኩርቱን ሰንጥቁ፣ ጀሪካኑን ከፍታችሁ አፍንጫችሁን አስጠጉ። እኔን ግን አትጠብቁኝ፤ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ነኝ።