የአዲሱ ሻወር ቀጭን ውኃ

አዲሱ የኤሌክትሪክ ሻወር በተገጠመ በሳምንቱ፣ ባልዲና የእጅ ሰዓት ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ባልዲው አሥር ሊትር ይይዛል። ከሻወሩ ሥር አስቀምጬ እስኪሞላ ቆሜ ጠበቅሁ፤ አምስት ደቂቃ ፈጀ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ያንኑ ባልዲ በአንድ ደቂቃ ሞላው። የምሠራው በአንድ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሆነ፣ ሳልለካ ቅሬታ ማቅረብ አልወድም።

ሻወሩን የገዛሁት ለራሴ አልነበረም። ሪያድ ውስጥ ባዲዓ በሚባል ሰፈር በተከራየሁት ቤት አብረውኝ የሚኖሩ፣ እትዬ የምላቸው የደሴ ሴት አሉ። ሃያ ዓመት ገደማ በሰው ቤት ሲሠሩ ኖረው፣ ከአሠሪያቸው ጋር ተስማምተው ከወጡ በኋላ ነው አብረን መኖር የጀመርነው። ኅዳር ላይ ደረጃ ስተው ወደቁና ቀኝ ትከሻቸው ተሰበረ። ፋሻው ከተፈታ በኋላም ክንዳቸው ከደረታቸው በላይ አልነሣ አለ።

የቤቱ የውኃ ማሞቂያ ከተበላሸ ቆይቶ ነበር። የሪያድ ክረምት ደግሞ አጭር ይሁን እንጂ በጠዋት ቀዝቃዛ ውኃ የሚያስደፍር አይደለም። ስለዚህ በየዓርቡ፣ እትዬ ለጁምዓ ገላቸውን ሲታጠቡ፣ እኔ በማንቆርቆሪያ ያፈላሁትን በባልዲ እያበረድሁ በጣሳ አፈስላቸው ነበር። እሳቸው የውስጥ ቀሚሳቸውን ሳያወልቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ እኔ ወደ በሩ እመለከታለሁ። በእነዚያ ደቂቃዎች የምናወራው ስለ አየሩ ብቻ ነበር። አንድ ዓርብ ግን፣ ግድግዳውን እንደተመለከቱ፣

«በሰው ቤት ያን ሁሉ ዓመት ስኖር፣ መቀርቀሪያ ሳልዘጋ ገላዬን ታጥቤ አላውቅም» አሉ። ቀጥለውም፣ «እስከ ረመዳን ራሴን ችዬ ካልታጠብኩ አገሬ እገባለሁ። ሰው እጅ ላይ ወድቄ አልቀርም።»

በማግሥቱ ባጥሐ ገበያ ወርጄ ሻወሩን ገዛሁ፤ በአንድ እጅ የሚከፈት መሆኑን ሱቁ ውስጥ ሞክሬ አረጋግጫለሁ። የአገራችን ሰው የሆነ የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ገጠመው። በመጀመሪያው ዓርብ እትዬ ብቻቸውን ገቡ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ «ልጄ፣ ነይ እስቲ» የሚል ዝግ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ፀጉራቸው በሳሙና እንደተሸፈነ ቆመዋል፤ ከላይ የሚወርደው ውኃ ክር ያህል ነው። ጣሳውን አንሥቼ አለቀለቅኋቸው። ያን ቀን ስለ አየሩም አላወራንም።

በመጀመሪያ የጠረጠርሁት ጣሪያ ላይ ያለውን ታንከር ነበር። ከሕንፃው ዘበኛ ጋር ወጥቼ አየሁት፤ ሙሉ ነው። ቀጥሎ የሻወሩን ወንፊት ፈትቼ አንድ ሌሊት ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፍሁት፤ የሚታይ ለውጥ አላመጣም። ከዚያ በኋላ ነው በባልዲ የለካሁት። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ከዚያው ታንከር እየጠጣ በኃይል የሚፈስ ከሆነ፣ ጉድለቱ በታንከሩና በሻወሩ መካከል መሆን አለበት። ሠራተኛውን ደውዬ ጠራሁት፤ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ መጣ።

«እህቴ፣ ውኃው ይሞቃል አይደል?» አለኝ ገና በሩ ላይ።

«ይሞቃል። ነገር ግን አሥር ሊትር ለመሙላት አምስት ደቂቃ ይወስዳል።»

«ለካሽው እንዴ?» ብሎ ሣቀ። «ወላሂ፣ ውኃ ለክቶ የጠራኝ ሰው አይቼ አላውቅም።»

እትዬ ከክፍላቸው ሆነው፣ «ሣቅ አንተ! ሳሙና ዓይንህ ውስጥ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ብትቆም ትሥቅ ነበር?» አሉት።

ሠራተኛው ሣቁን ዋጥ አድርጎ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ጎንበስ አለ። እዚያ ካለው የዕቃ ሳጥን ጀርባ፣ እኔ ያላየሁት ትንሽ የቧንቧ መዝጊያ አሳየኝ። ሩብ ያህል ብቻ ተከፍቷል።

«ሆን ብዬ ነው» አለ፣ ጥበቡን እንደሚያካፍል ሰው። ሙያውን የተማረው ደሴ ነው። እዚያ የጠዋት ውኃ እንደ በረዶ ስለሆነ፣ ከሮጠ ማሽኑ ሳያሞቀው ያልፋል፤ ደንበኛውም ቀዘቀዘኝ ብሎ ይጮኻል። ስለዚህ ሻወር የገጠመ ሁሉ መዝጊያውን ጠበብ አድርጎ ይሄዳል። እዚህም ከመጣ ጀምሮ እንዲሁ ነው የሚሠራው።

«ቅሬታ ያቀረበ የለም?» አልሁት።

«ሰዉ ታንከሩን ነዋ የሚሳደበው!»

እትዬ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ጉድ እኮ ነው! እኛ ደሴን ትተናት መጣን፤ አንተ ብርዷን ተሸክመህ መጣህ?»

ታንከሩ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ እንደሚውል፣ ውኃው የደሴን ያህል እንደማይቀዘቅዝ አስረዳሁት። እሱም ሐኪሙ ትከሻቸውን ብርድ እንዳይነካው ማዘዙን ከእትዬ ሰምቶ ስለነበር፣ «ኋላ በቀዘቀዘ ውኃ አሳመምከኝ እንዳይሉኝ» አለ። ይህ ተገቢ ስጋት ነበር። ስለዚህ ጥቂት በጥቂት እንዲከፍተው ተስማማን፤ እኔ ባልዲዬን ይዤ፣ እትዬ ግራ እጃቸውን ከውኃው ሥር ዘርግተው። ግማሽ ሲከፈትም ውኃው እንደሞቀ ነበር። ከዚያ አልፎ ሲከፍተው ቀዘቀዘና እትዬ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ተው ተው፣ ትንሽ መልሳት! እዚያ ጋ… አዎ።»

ባልዲው በሁለት ደቂቃ ሞላ።

«ኸላስ? በቃ?» አለ ሠራተኛው።

«ኸላስ። አላህ ይስጥህ፤ አንተም ቤትህ ሄደህ የራስህን ክፈት» አሉት።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ፎጣቸውን ይዘው ገቡ፤ የመቀርቀሪያው ድምፅ ተሰማ። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ከጠሩኝ እንድሰማ ብዬ የወጥ ቤቱን ቧንቧ አልከፈትሁም። ውኃው ሳይቋረጥ ሲወርድ ቆየ፤ ከዚያ ተዘጋ። አልጠሩኝም። ሻሻቸውን በአንድ እጃቸው እንደምንም ጠምጥመው ወጡና፣ «ምን ያስጨንቅሻል፣ ሽንኩርቱን ጨርሺው እንጂ» ብለውኝ አለፉ።

ከሰዓት በኋላ ደሴ ያለችው ልጃቸው ደወለች። የእሷን ድምፅ አልሰማሁም፤ የእሳቸው ግን ከክፍላቸው አልፎ ይሰማ ነበር። «ለረመዳን አልመጣም» አሉ። «ምን ሆኜ? ደኅና ነኝ። ትከሻዬ ትንሽ ሻል ሲለው ሥራ እፈልጋለሁ።»