ከአልጋዬ በላይ የነበረው ጣሪያ

መቱ ከተማ፣ የአዳሪ ትምህርት ቤት መምህራችን የጋሼ ገመቹ ለቅሶ ላይ ተቀምጫለሁ። ዝናቡ ከድንኳኑ ሱሪዬ ላይ ሲንጠባጠብ የድሮ ፍራሼ ሸተተኝ።

አዲስ ገቢ ሳለሁ አንድ ጠዋት ስነቃ ፍራሼ ርሷል። ልጆቹ «ሸና» እያሉ ሲስቁ ጋሼ ገመቹ መጡ። ፍራሹን ዳበሱና ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«ሲያፈስ አድሯል። ኮቱ፣ ና ያዝልኝ፤ ፀሐይ ላይ እናስጣው» አሉኝ።

ሳቁ ቆመ። እኔም ያቺን ውሸት እንደ ትልቅ ውለታ ይዣት ኖርኩ።

ዛሬ አጠገቤ ለተቀመጠው ለዶርም ጓደኛዬ ለደረጀ ነገርኩት።

«የምን ውሸት?» አለኝ። «በማግስቱ ቆርቆሮው ላይ ወጥተው ሬንጅ ቀብተውታል። መሰላሉን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።»

«ቀዳዳውን አየኸው?»

«እኔማ ታች ነበርኩ።»

ሸንቼ ይሁን ዘንቦብኝ፣ አሁን ማንን እጠይቃለሁ?