በስሜ ያልተለወጠው መጨረሻ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የምቀመጥበት ወንበር አልነበረም። ስቱዲዮው ሐረር ውስጥ ፈረስ መጋላ አጠገብ፣ ከልብስ ሰፊዎች ሱቅ በላይ የተከራየነው ፎቅ ነው። ፕሮዲዩሰሩ አቶ ደረጀ የኮሜዲ ስክሪፕት አቀበሉኝና «ይኼ አያስቅም፤ የሚያስቅ አድርጊው» አሉኝ። የመብራት ሣጥን ላይ ተቀምጬ እስከ ምሳ ድረስ ሰርዤ ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ቀረጻ ነበር። ዋናው ተዋናያችን ጋሽ ሙሜ የጻፍኩትን ሲናገሩ ካሜራማኑ ሣቁን መያዝ አቅቶት ካሜራው ስለተንቀጠቀጠ ደግመን ቀረጽነው። ይህን ሥራ እንደማልለቅ ያኔ አወቅሁ።

ቅዳሜ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ከእናቴ ጋር ተቀምጬ ማብቂያው ላይ የሚወጣውን የሠራተኞች ስም ጠበቅሁ። «ድርሰት፦ የዝግጅት ክፍሉ» ይላል።

«አንቺ የታለሽ?» አለች እናቴ።

ሰኞ አቶ ደረጀን ጠየቅኋቸው። «ስም ቀስ ብሎ ይመጣል» አሉኝ። ሳይመጣ ዓመታት አለፉ። እኔም ጻፍኩ። መጀመሪያ የትዕይንቶቹን ቅደም ተከተል፣ ከዚያ ምልልሱን፣ ከዚያ ከተዋንያን ጋር ጠረጴዛ ከበን ጮክ ብለን የምናነበው የጠረጴዛ ንባብ። ንባቡ ላይ ማንንም ያላሳቀ መስመር ይሰረዛል፤ የቱንም ያህል ብወደው አልራራለትም።

ከጻፍኳቸው ሁሉ አንዱን ክፍል አልረሳውም። ሦስት ጓደኛሞች ምግብ በባጃጅ የሚያደርስ ስታርትአፕ ያቋቁማሉ። አፑ ተሠርቷል፣ ባጃጇም ቆማለች፣ የቀረው ስም ብቻ ነው። አንዷ የፈረንጅ የሚመስል ስም ትፈልጋለች፤ ሌላው የጀጎል በር ስም ይላል፤ ሦስተኛው የራሱን ስም። ሲጨቃጨቁ ስልክ ይጮኻል። ያነሱና «ቆይ!» ብለው ይዘጋሉ። ጋሽ ሙሜ የሚጫወቱት ፈጢራ ሻጭ የታዘዘውን ይዞ በር ላይ ቆሞ ፈጢራው ይቀዘቅዛል።

ሐረር ውስጥ ደግሞ ስም የሚያወጣው ባለቤቱ አይደለም። እዚህ ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም ብዙም አይቆይም፤ ሰፈሩ ቅጽል ስም ይለጥፍበታል፣ ከተቆጣ ደግሞ ይብስበታል። መጨረሻውን ያመጣሁት ከዚያ ነው። ሦስቱ በመከራ ተስማምተው የስም ሰሌዳቸውን ይዘው ሲወጡ ከተማው ቀድሟቸዋል። ፈጢራ ሻጩ «አቦ፣ እነ ቆይን ጥሩልኝ!» ይላል። ሰፈሩ ሁሉ እነ ቆይ እያለ ነው የሚያዘው። ልጆቹ ሰሌዳውን ገልብጠው በጀርባው «ቆይ» ብለው ይጽፋሉ።

ንባቡ ላይ ያልሳቀ አልነበረም። ከዚያ አቶ ደረጀ ቢሯቸው ጠሩኝ።

«ስፖንሰራችን በጣም ወዶታል» አሉ። ስፖንሰሩ የሶፋና የአልጋ መደብር ያለው ሰው ነው። «አንድ ነገር ብቻ። ልጆቹ መጨረሻ ላይ የእሱን መደብር ስም ይምረጡ።»

«ምግብ አድራሽ በሶፋ ቤት ስም ይጠራል እንዴ?»

«የመደብሩን ባለቤት አጎታቸው አድርጊው። አንቺ መላ አታጪም።»

«ከተማው ስም ማውጣቱ ከቀረ ቀልዱ የቱ ጋ ነው ታዲያ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህን ካስተካከልሽ ስምሽ ይወጣል» አሉኝ። «ድርሰት፦ ሮማን ተፈራ። ብቻውን፣ በትልቁ።»

አልዋሽም፣ ፈለግሁት። እናቴ አርጅታ እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ማብቂያው ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ለእሷ ስል እሺ ልል ምንም አልቀረኝም። ወዲያው ግን ንዴቱ መጣ። የገዛ ስሜን እንደ ጉርሻ ሊያጎርሱኝ ነው!

«ስሜ ይቅር፤ መጨረሻው አይነካም» አልኳቸው።

«ሌላ ሰው ይጽፈዋል።»

«ይጻፋ! እኔ ግን ዛሬውኑ ቁልፌን አስረክቤ እለቃለሁ።»

ወጥቼ ለጋሽ ሙሜ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አስተካከሉና «ሮሚ፣ ወላሂ፣ እኔ የያዝኩት ፈጢራ ነው፤ ሶፋ ተሸክሜ በር ላይ አልቆምም» አሉ። ገብተው ይህንኑ ለአቶ ደረጀ ደገሙላቸው። በማግስቱ ቀረጻ ነው፤ ያለ ጋሽ ሙሜ ደግሞ ክፍሉ የለም። አቶ ደረጀ እንደ ተጻፈው አስቀረጹት። የእኔን ስም ግን አላወጡም።

ቅዳሜ እናቴ እንደ ልማዷ ጠበቀች። «ዛሬም የለሽም» ስትል የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

ሰኞ ጠዋት እሷን ሐኪም ቤት ላደርሳት ሸዋ በር ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ሚኒባሱ አልሞላ ብሎ ቆመ። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም ረዳቱ «ቆይ፣ አንድ ሰው ብቻ!» አለ።

«አቦ፣ እናንተም እንደ እነ ቆይ ሆናችሁ?» አለች ከኋላ የተቀመጠች ሴት። መኪናው በሣቅ ተሞላ።

እናቴ ወደ ኋላ ዞረች። «እሱን የጻፈችው ልጄ ናት!» አለች ጮክ ብላ። «ሮማን ተፈራ ትባላለች! ይቺውላችሁ!»

በሀፍረት የምገባበት ጠፋኝ። ደስ ደግሞ አለኝ፣ በጣም። ረዳቱ አንገቱን አስግጎ አየኝና «በሉ እንሂድ፣ ቆይን ጭነናል!» ብሎ በሩን ዘጋው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሸዋ በር ላይ ሮማን የሚለኝ የለም፤ ቆይ ነኝ። ማብቂያው ላይ ግን ዛሬም የዝግጅት ክፍሉ ነኝ።

ለምትጽፉ ወጣቶች የምለው ይኸው ነው። ስክሪፕት ከማስረከባችሁ በፊት የማትለቁትን ትዕይንት ለዩ። በሌላው ተደራደሩ።