የግርድ ንፍሮ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ቤቴ ቁጭ ብዬ ገብስ ሳበጥር የልጅ ልጄ አጠገቤ ነበረች። ከሰፌዱ ጫፍ የሰበሰብኩትን አየችና «እማማ፣ ይሄን ቆሻሻ የት ልድፋው?» አለችኝ። ቆሻሻ አይባልም፣ ግርድ ነው የሚባለው አልኳት። ግርድ ምን እንደሆነ አታውቅም።

እኔ ልጅ እያለሁ በመዘዞ አካባቢ የማያውቀው አልነበረም። ገብሱ አውድማ ላይ በበሬ ተበራይቶ ለነፋስ ሲሰጥ ንጹሑ ፍሬ መሀል ይከመራል፤ እሱ ምርት ነው። ገለባው ወዲያ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያልተፈለፈለ ዛላ ከጠጠርና ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ ጠርዝ ላይ ይቀራል። ግርድ ማለት ይህ ነው። በእኛ መንደር ግርድ የባለ አውድማው አልነበረም። በሬ የሌለው፣ የሚያርስለት ያጣ ሰው መጥቶ ይጠርገዋል። የእኛን ሁልጊዜ የምትወስደው ጎረቤታችን እትዬ ደስታ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት፣ ምላሷ የሰላ ሴት።

ጣሊያን ሲገባ አባቴ ከአርበኞች ጋር ዱር ገባ። ገብሳችንን ጎረቤት በደቦ ወቃልን። ምርቱ ከአውድማ ሳይነሣ ባንዶች በቅሎ እየነዱ መጡ። የሽፍታ ቀለብ ነው ብለው ጠርገው በጆንያ ሞሉት፤ ከቤታችን ጀርባ የነበረውን የገለባ ክምርም አቃጠሉት። አንደኛው ግርዱን በእግሩ ነካ አደረገና «ይሄስ?» አለ። ሌላው፣ የገበሬ ልጅ መሆን አለበት፣ ሳቀ።

«ተወው፣ ግርድ ነው። ጥርስህን ትሰብርበታለህ።»

ሲሄዱ ቤታችን የሚላስ የሚቀመስ አልነበረውም። ታናሽ እህቴ ዘነበች ታማ ተኝታለች። መጥረጊያ ይዤ ወደ ግርዱ ስሮጥ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «የእኛ አይደለም» አለች።

እትዬ ደስታ ሰፌዷን ይዛ መጣች። አውድማውን አየች፤ እናቴን አየች።

«ጥረጊና ውሰጂ፣ ያንቺ ነው» አለቻት እናቴ።

«አንቺስ ምን ልትበዪ ነው? አመዱን?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። የማያውቀው ሆድ ነው። ነይ፣ በዚህ በኩል ያዢልኝ።»

ሦስታችን ተንበርክከን ጠረግን። በዱላ ደግመን ወቃነው፣ አበጠርነው፤ እትዬ ደስታ እኩል አካፈለችን። ቂጣው ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። እናቴ ለዘነበች ዱቄቱን በነጠላዋ ጫፍ እየነፋች አጥሚት ትሠራላታለች። «ለእሸት ያድርስሽ» ትላታለች።

ዘነበች ለእሸት አልደረሰችም። በዐቢይ ጾም መሀል ቀበርናት።

ከቀብር ለሚመለሰው ሰው ንፍሮ ያስፈልግ ነበር። እናቴ የቀረውን የግርድ ገብስ ከቅሉ ገልብጣ ቀቀለችው። ሰው ሁሉ እፍኝ እፍኝ ይዞ፣ ጠጠሩን ከአፉ እያወጣ በላ። እትዬ ደስታ ብቻ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች፣ «ብሉ እንጂ፣ ጥርስ ያላችሁ» ትል ነበር። እናቴ «ተመስገን፣ ለልጄ ንፍሮ አላጣሁም» አለች። እኔ ግን በሆዴ ተቆጣሁ፤ በዚህ ምኑ ይመሰገናል አልኩ። ራሴ ወልጄ፣ ራሴም ቀብሬ ገባኝ።

ዛሬ ገብሱ ከእነዋሪ ገበያ በጆንያ ይመጣልኛል፤ ወፍጮ ቤት ይፈጭልኛል። ተመስገን፣ የምበላው አላጣሁም። ግርድ ልጥረግ ብሎ የቤቴን በር የሚያንኳኳ ግን የለም። የግንብ አጥሩ ማዶ ያለችውን ጎረቤቴን ስሟን እንኳ አላውቀውም።

የልጅ ልጄን አትድፊው አልኳት። ሁለታችን ከጠጠሩ መሀል ፍሬ ፍሬውን ለቀምን፤ እፍኝ እንኳ አልሞላም። ቀቀልኩት። የዘነበችን ስም ነገርኳትና በላን።