ጓድ ዳምጠው የነካው ዲስኬት

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ናቲ አዲስ ኮምፒውተሩን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። ከፍቶ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈና ሻዩን ፉት እስኪል ድረስ የድሮው ኮምፒውተሩ ቀለም፣ አቋራጭ ቁልፎቹ፣ የሚጽፍበት ገጽ ሁሉ እንዳለ መጥቶ ተደረደረ። «አየሽ እቴቴ፣ የትም ብሄድ የራሴን አገኘዋለሁ፤ ማንም አይነካብኝም» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ የአዋዜ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣብኝ። ጓድ ዳምጠውን አስታወሰኛ! ያኔ ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ ዛሬ ግን አንቱታው ከአፌ አይወጣም።

ነገሩ በደርግ ማብቂያ ላይ ነው። አዲሱ ገበያ አጠገብ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በኮንትራት የኮምፒውተር ጸሐፊ ነበርኩ። ክረምት ስለነበር ከሸጎሌ እስከዚያ ጭቃውን እያቦካሁ መጥቼ፣ በር ላይ እግሬን ታጥቤ እገባለሁ። የነበሩን ኮምፒውተሮች ከተለያየ ቦታ በእርዳታ የመጡ ናቸውና አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ትልቁ ማሽን በጓድ ዳምጠው ክፍል ውስጥ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ማንም አይገባም። እኔ ታዲያ የራሴን ዘዴ ፈጠርኩ። የማሽኑን አጀማመር፣ ማለትም ሲነሣ ምን እንደሚከፍት፣ የስክሪኑን ቀለም፣ የትኛው የአማርኛ ፊደል የትኛው ቁልፍ ላይ እንደሚቀመጥ ሁሉንም በአንዲት ሰፊ ስስ ዲስኬት ላይ አስፍሬ በቦርሳዬ እይዛለሁ። ያገኘሁት ማሽን ላይ ከትቻት ሳበራው እጄን ያውቀዋል፤ ሳወጣት ደግሞ ለባለቤቱ እንደነበረ ይመለሳል። የማንንም አልነካሁም።

ያን ሰሞን የዓመቱ ሪፖርት በጊዜ ከደረሰ ቋሚ እንደሚያደርጉኝ ተነግሮኝ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴም እኔም የምንበላው ከዚያች ሥራ ነው፤ ኮንትራቴም ሊያልቅ ተቃርቧል። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ጓድ ዳምጠው የፖለቲካ ኃላፊያችን ነው። ስለ ዲስኬቷ ሰማና የውይይት ክበብ ቀን ሰው ሁሉ ፊት አቆመኝ።

«ጓዲት ጽጌ፣ ማሽኑ የማን ነው?»

«የሕዝብ ነው።»

«ታዲያ በሕዝብ ማሽን ላይ የግል አጀማመር? ይሄ የንዑስ ከበርቴ አመል አይደለም?»

ይታያችሁ፣ ለቁልፍ ሰሌዳ! ግለሂስ አድርጊ፣ ጥፋትሽን በራስሽ አፍ ተናዘዢ ተባልኩ። «ግለኝነት አጥቅቶኛል» ብዬ አነበነብኩ፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። በማግሥቱ የእሱን ማሽን አጀማመር ሌሎቹ ላይ ገልብጦ «ከእንግዲህ ሁሉም ወጥ ነው» አለ። ትልቁ ማሽን የለመደው ሜሞሪ ትንንሾቹ ላይ የት አለና! ገና ሲበሩ ድርቅ ብለው ቀሩ። ሪፖርቱ ሊቀርብ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሥራው ሁሉ ቆመ።

ምን ቢል ጥሩ ነው? ኮሪደር ላይ ጠጋ ብሎ፣ «ጽጌዬ፣ ያቺን ነገርሽን ምሳ ሰዓት ሥጋ ቤት ታመጪልኛለሽ? እዚህ ሰው ያያል» አለኝ። ጽጌዬ! ሰሞኑን ንዑስ ከበርቴ ነበርኩ እኮ።

ሄድኩ። ቁርጡን በአዋዜ እየነከረ ይጎርሳል፤ ጮማው ከንፈሩ ላይ ያብለጨልጫል። እጁን እንኳ ሳይታጠብ ዲስኬቷን ከወረቀት ከረጢቷ መዥርጦ አወጣና፣ ጽሑፉ የሚቀመጥበትን፣ ያለ ሽፋን የሚታየውን ጥቁር ስስ ነገር በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ያዘ።

«ጓድ! እዚያ ጋ አይነካም!» ብዬ ጮኽኩ።

«ምን ትሆናለች?» አለና እንትፍ ብሎባት በሱሪው ጠረጋት። «ይኸው፣ ጸዳች።»

ኧረ ወዲያ! ዛሬም ስጽፈው ይቀፈኛል።

ዲስኬቷ አልነበብ አለች። ማሽኖቹን አብሯቸው በመጣው ዲስኬት አስነሥቼ ሁሉንም ከጭንቅላቴ እንደገና ጻፍኩት፣ ለእያንዳንዱ በልኩ። ሪፖርቱ ደረሰ። በስብሰባው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ተነሥተው «ሪፖርቱ የደረሰው ጓድ ዳምጠው ባዘጋጀው ወጥ አጀማመር ነው» ብለው አመሰገኑት፤ አዳራሹ አጨበጨበ። እሱም ጥርሱን እየጎረጎረ ተነሥቶ እጅ ነሣ። የእኔ ጉዳይ ሲመጣ ያ ቃለ ጉባኤ ተነበበ፦ በግለኝነት ግለሂስ ያደረገች ስለሆነች ቋሚነቷ ይቆይ። ግለሂስ ያደረግኩበት ነገር እኮ ሁሉም ማሽን ላይ በእሱ ስም እየሠራ ነው! ኮንትራቴ ሲያልቅ አላደሱልኝም። ያን ዓመት የኖርነው እናቴ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በፈተለችው ጥጥ ነው።

ሰው የሰው ሥራ ሲወስድ ድሮም አለ፤ እሱን እችለዋለሁ። የሚያንገሸግሸኝ በአደባባይ የተፋበትን ነገር በጓሮ ለምኖ፣ ኋላ ደረቱን ነፍቶ የኔ ነው ማለቱ ነው።

ይህን ሁሉ ስነግረው ናቲ በጓድ ዳምጠው ምራቅ ነገር ሲስቅ ቆየና፣ «ታዲያ እቴቴ፣ ለምን ስምሽን አልጻፍሽበትም?» አለኝ። የዋህ ልጅ።

«ስሜማ ተጽፎ ነበር» አልኩት፤ «ግለሂሱ ላይ።»